ሳይመዘገቡ አይሂዱ

አቶ ሮቤል ቁርሳቸውን የሚበሉት ግድግዳው መናገር ከጀመረ በኋላ ነው። ግድግዳው መጀመሪያ የዶሮ መኖ ዋጋ ይነግራቸዋል። ዶሮ የላቸውም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ማርባት ከተከለከለ ዘመን ሆኖታል። ቀጥሎ የመጋረጃ ጨርቅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሄደው የማያውቁት ከተማ ውስጥ ያለ የጥርስ ክሊኒክ፣ ቀጥሎ የሙሽራ መኪና ኪራይ። እያንዳንዱ መልእክት ሲያበቃ ግድግዳው «ሰምተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። አቶ ሮቤልም ዳቧቸውን እያላመጡ፣ ግራ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው፣ «ሰምቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ያልተሰማ መልእክት በማግስቱ ጓደኛ ይዞ ስለሚመለስ አይዘሉም። ደግሞም ሰው ሲያናግራቸው መዝለል አይሆንላቸውም።

ልጃቸው ኤልዳና ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች። ድሮ «አባዬ፣ ዶሮዎቹ እንዴት አደሩ?» እያለች ታበሽቃቸው ነበር፤ እሳቸውም «አንዷ አሟታል» ብለው ይመልሱላት ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። የተጣሉበት ነገር የለም። አንድ ቀን ደክሟት ሳትጠይቅ ወጣች፣ በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ በዚያው ተረሳ። ብዙ ጊዜ ዳቦውን ሳትነካ ራሷን ነቅንቃ ብቻ ትወጣለች።

ይህ በ2071 ዓ.ም. ነው። ማሽን ለማሽን እየጻፈ፣ ማሽን የማሽንን እያነበበ የዓለም የመልእክት ሳጥን ሁሉ ገለባ ከሞላው ቆይቷል። ነጋዴው የሚልክበት አድራሻ አላጣም፤ የጠፋው ከአድራሻው ጀርባ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ዋጋ አወጣ፤ በገዛ አፉ፣ ለሌላ ሕያው ሰው፣ «እሺ» ያለ ሰው። ሕግም ወጣለት። ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ሁሉ በደጁ ላይ ሕያው ሰው አስቀመጠ። የሰዎቹ የሥራ መጠሪያ «ጋባዥ» ነው። ኤልዳና ጋባዥ ናት።

መሥሪያ ቤቷ «ጥልቅ ዕንቅልፍ» የሚባል የፍራሽ ድርጅት ነው። ጋባዦቹ የሚቀመጡት ቀድሞ የሠርግ አዳራሽ በነበረ ቤት ውስጥ፣ የወርቅ ቀለም ከተቀባ ኮርኒስ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ነው። ጎብኚ ወደ ድርጅቱ ገጽ ይገባል። ፍራሽ ያያል፣ ዋጋ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ሊወጣ ይነሣል። እጁ ወደ መውጫው ሲያመራ ከጋባዦቹ በአንዷ ጆሮ ደወል ይጮኻል። ኤልዳና ከሆነች እንዲህ ትላለች፦

«ውይ! እንዲሁ ሊሄዱ ነው? እንኳን ወደ ጥልቅ ዕንቅልፍ በደህና መጡ። ደጅ ድረስ መጥተው ባዶ እጅዎን አይመለሱም። ወገብ የማያሳምም አተኛኘት የሚያስተምር መጽሐፍ አለን፣ በነጻ ነው። አድራሻዎን ብቻ ይተዉልን።»

መጀመሪያ ከውጭ የመጡ አሠልጣኞች ሌላ ዘዴ አስተምረው ነበር። የዋጋ ቅናሽ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ «ቶሎ ይበሉ፣ ሊያመልጥዎ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ። የአገሬው ጎብኚ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሻዩን ይዞ በጽሞና ያይ ነበር፤ ሲያልቅ ይወጣል። ድርጅቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። በኋላ አንዲት ጋባዥ፣ ተማርራ ይሁን ተናዳ፣ «በሞቴ ይመዝገቡ!» የሚል ቃል አመለጣት። ጎብኚው ተመዘገበ። በማግስቱ አዳራሹ በሙሉ «በሞቴ» ማለት ጀመረ። ከወር በኋላ የአገሩ ድርጅት ሁሉ፣ ዶሮ መኖውም ሙሽራ መኪናውም፣ «በሞቴ» ይል ገባ። በሞቴ ተብሎ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ሰው ገና ብዙ አልተወለደም።

ኤልዳና በዚህ የታወቀች ናት። ድምፅዋ ትንሽ ይሰበራል፤ የሰበረችው እሷ አይደለችም፣ ድካሙ ነው፤ ጎብኚው ግን ከልቧ ይመስለዋል። ከጠዋት እስከ ማታ በሞቷ ስትለምን ትውላለች። ሞት ሰምቷት ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ «አቤት» ይል ነበር።

የሚመልስላት ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። የጎብኚ ምሥጢር እንዲጠበቅ ተብሎ ድምፁ በመሣሪያ ተለውጦ ነው የሚደርሳት። ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ኮረዳዋም፣ ሁሉም ጉንፋን በያዘው ዜና አንባቢ ድምፅ ይናገራሉ። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ሰው በራሱ ድምፅ ሲናገር ትደነግጣለች።

ማታ ቤት ስትገባ የሚተርፋት ቃል የለም። አቶ ሮቤል «እንዴት ዋልሽ?» ሲሉ ራሷን ትነቀንቃለች። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲሉ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እራቷን በልታ ግድግዳውን ፊት ለፊት እያየች ትቀመጣለች። ግድግዳው ያወራል፣ አባቷ «ሰምቻለሁ» ይላሉ፣ እሷ ዝም ትላለች። አባቷ ዝምታዋን የለመዱት ይመስላት ነበር። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለዚያ አስባም አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጆሯቸውን ለማስመርመር ወደ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም።

«የቀኙ ሄዷል» አለች። «የግራውም እየሄደ ነው።»

«መሣሪያስ?» አለች ኤልዳና።

«መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሣም።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«ክረምቱን ምናልባት። ከዚያ በኋላ ቃል አልገባም።» ሐኪሟ ወደ አቶ ሮቤል ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አባባ፣ መስማት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይስሙ።»

«እሺ ልጄ» አሉ አቶ ሮቤል።

ሊወጡ ሲሉ የክሊኒኩ በር ተናገረ። «ውይ አባባ፣ እንዲሁ ሊሄዱ ነው? የጤና ምክር በየቀኑ እንልክልዎታለን። በሞቴ ይመዝገቡ!»

«እሺ» አሉ አቶ ሮቤል፣ ለበሩ እጅ እየነሡ።

ኤልዳና አውቶቡሱ ውስጥ አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ ተናደደች። አባቷ የቀራቸው የአንድ ክረምት ጆሮ ነው፤ እሱም ለዶሮ መኖ፣ ለመጋረጃ፣ ለማያውቁት ከተማ የጥርስ ክሊኒክ ተከፋፍሎ አልቋል። ለእሷ ምን ተረፈ? ጥያቄው ራሱ አሳፈራት፤ ምክንያቱም ለእሷ ቢተርፍ ምን ልታሰማቸው እንደምትፈልግ አላወቀችም። ብቻ ጆሯቸው እንዲህ እንዲያልቅ አልፈለገችም።

ከዝርዝር መውጣት ይቻላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። መውጫ በር የሚባል አለ፣ እዚያ ሦስት ጊዜ ተለምኖ ሦስት ጊዜ «አይ» ያለ ሰው ይሰናበታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤልዳና አባቷን ግድግዳው ፊት አስቀመጠቻቸው። በዶሮ መኖው ይጀመር ተባለ።

«አባባ፣ ምን አጠፋን?» አለች የዶሮ መኖዋ ጋባዥ።

«ኧረ ምንም። ዶሮ ስለሌለኝ ነው ልጄ።»

«ነገ ቢገዙስ? አይሂዱብን።»

አቶ ሮቤል ልጃቸውን አዩ። ኤልዳና በእጇ ቀጥል አለቻቸው። «አይ» አሉ በቀጭኑ።

«ውይ አባባ፣ እኔ ልሙት? በሞቴ!»

«ኧረ አንቺ ለምን ትሞቻለሽ!» አሉ አቶ ሮቤል ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ተይው፣ ተይው፣ እቆያለሁ። ይልቅስ ስለ ጫጩት መኖም አለ ስትሉ ነበር፣ እሱንም ላኩልኝ።»

ኤልዳና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «አባዬ፣ እሷ እኮ ሥራዋ ነው። እኔም የምሠራው እሱኑ ነው። ማንም አይሞትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንዴ እሺ ብያለሁ ልጄ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ?»

«የወለድከው እኮ እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና።

አቶ ሮቤል ይስሟት አይስሟት፣ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። ግድግዳው ስለ ጫጩት መኖ ማውራት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት የአዳራሹ አለቃ አቶ ናሆም ኤልዳናን ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከበላዩ ያለው ሰው ነው የሚያስጨንቀው።

«አንድ ጎብኚ አለሽ» አላት። «በየቀኑ ይመጣል። ሌሎቹ ጋባዦች ሲደርሱት «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጥቶ፣ ተመልሶ ይገባል። አንቺ እስክትደርሺው ድረስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አንቺ ስትደርሺው ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆይና አልመዘገብም ብሎ ይሄዳል።»

አጠገቧ የምትቀመጠው ያብስራ ሳቀች። «እኛ እኮ እጮኛዋ ነው የምንለው!»

ኤልዳና ጎብኚውን አወቀችው። «ይድገሙልኝ እስቲ፣ አልሰማሁም» የሚለው ነው። አንዴ ስትነግረው ይድገሙልኝ ይላል፣ ስትደግምለት ስለ ወገብ ሕመም ይጠይቃል፣ ስትመልስለት እንደገና ይድገሙልኝ ይላል። መጨረሻ ላይ «ላስብበት» ብሎ ይወጣል። ሲመጣባት ትማረራለች።

«ውጤትሽን የገደለው እሱ ነው» አለ ናሆም። «ከበላይ ታይቷል። ዛሬ ካልተመዘገበ ወደ መውጫ በር ትዛወሪያለሽ።»

መውጫ በር ላይ የሚሠራ ጋባዥ ቀኑን ሙሉ ሲረገም ይውላል። እዚያ የተዛወረ ሰው ብዙ አይቆይም፤ ራሱ ይለቅቃል።

ጎብኚው ከምሳ በኋላ መጣ። ደወሉ ሲጮኽ፣ ያ የጉንፋን ድምፅ ገና ሳትናገር «ጤና ይስጥልኝ» አላት። ከሌላው ጎብኚ ጤና ይስጥልኝ የሚል የለም።

«ውይ፣ እንዲሁ ሊሄዱ ነው?» ብላ ጀመረች። መጽሐፉን ነገረችው። አተኛኘቱን ነገረችው።

«ይድገሙልኝ እስቲ። አልሰማሁም።»

ደገመችለት።

«የጎን አተኛኘቱን ብቻ ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት። የናሆም መብራት ከፊቷ በራ፤ እያዳመጠ ነው። «በሞቴ ይመዝገቡ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «እባክዎ። እኔ ልሙት።»

«ላስብበት።»

ኤልዳና የምትለው አለቀባት። ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር አለ፣ አሠልጥነዋታል፣ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን አፏ አልታዘዝ አላት። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ጎብኚው ግን አልወጣም።

«ምሳ በላሽ?» አላት።

«ምን አሉ?»

«ምሳ ነው የምልሽ። ጠዋት ዳቦውን ሳትነኪው ወጣሽ።»

ጉንፋን የያዘው ዜና አንባቢ ስለ ዳቦው አወቀ። ኤልዳና ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባዬ?»

«አቤት።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ፍራሽ አያለሁ።»

«አባዬ!»

«አንቺን ልሰማ ነዋ» አለ ያ ድምፅ። የአባቷ ድምፅ አልነበረም፤ ቃሉ ግን የእሳቸው ነው፣ አካሄዱም የእሳቸው ነው። «ቤት አትናገሪም። አልተቀየምኩሽም፣ እንዳይመስልሽ። እኔም ታክሲ ስነዳ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሳወራ እውልና ማታ ለእናትሽ አንድ ቃል አይተርፈኝም ነበር። አልፈርድብሽም። እዚህ ግን ደህና ታወሪያለሽ። ሊሄዱ ነው ወይ ትይኛለሽ። ትለምኚኛለሽ። ሐኪሟም መስማት የሚፈልጉትን አሁን ይስሙ ብላለች።»

ኤልዳና ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ ጫነች። «የዓለሙ ዝርዝር ውስጥ ገብተሃል። ጫጩት መኖ ሳይቀር! የእኔን ብቻ ለምን እምቢ አልክ?»

«ከተመዘገብኩማ የሚያነብልኝ ግድግዳው ነው። አንቺ አትመጪም።»

በሌላኛው ጆሮዋ ናሆም ገባ። ድምፁ ለስልሷል። «አባትሽ ናቸው እንዴ? ጥሩ፣ ጥሩ። እንዲያውም ቀላል ሆነልን። አንዴ በሞቴ በያቸው፣ ያልቃል።»

«ኤልዱ» አሉ አባቷ። «ሥራሽን የሚነካብሽ ነገር አለ? ካለ ግድ የለም። አሁን እሺ እልና…»

«አትበል!»

ጎረቤቶቿ ዞሩ። ያብስራ የጀመረችውን ልመና አቋረጠች።

«እሺ እንዳትል፣ አባዬ። ዝም ብለህ ውጣ። ወደ ቤት እየመጣሁ ነው።»

«ይድገሙልኝ እስቲ» አለ ድምፁ። ይህን ጊዜ ቀልዳቸው አልነበረም። በእርግጥ አልሰሙም።

«ቤት እየመጣሁ ነው!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ማዳመጫዋን ስታስቀምጥ ናሆም አጠገቧ ደርሶ ነበር። ብዙ አላወራም። «ከነገ ጀምሮ መውጫ በር ነሽ» አለ፣ ዓይኑን ወደ ወርቃማው ኮርኒስ አድርጎ። እሷም «እሺ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። አቶ ሮቤል ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። የሙሽራ መኪናው ስለ አበባ ማስጌጫ ይናገራል። ክንዳቸውን ያዘች።

«አላለቀም እኮ» አሉ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ።

«ነገ ይመለሳል።»

«ጓደኛ ይዞ ነው የሚመለሰው።»

«ይዞ ይምጣ።»

ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። በየፎቁ በየበሩ ውስጥ ግድግዳ ያወራል፣ በየበሩ ውስጥ አንድ ሰው «ሰምቻለሁ» ይላል። ከሕንፃው ጀርባ ልብስ የሚሰጣበት ሜዳ አለ፤ እዚያ የሚናገር ነገር አልተተከለም። አንዲት ጎረቤት ብርድ ልብስ ታሰጣለች። ሁለቱ ከአንድ ግንድ ላይ ተቀመጡ፣ እሷ በግራቸው በኩል።

አቶ ሮቤል ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ።

ኤልዳና አፏን ከፈተች። «እንኳን ወደ ጥልቅ ዕንቅልፍ በደህና…» ብሎ አፏ በራሱ ጀመረ። ደንግጣ አቆመች።

«እሱን ሰምቼዋለሁ» አሉ አባቷ። «ሌላ።»

ሌላ ፈለገች። ብዙ የምትላቸው ነገር የነበራት ይመስላት ነበር። ስለ እናቷ ልትጠይቃቸው ትችላለች። ስለ ነገው መውጫ በር ልትነግራቸው ትችላለች። ቃሉን አንድ በአንድ እያነሣች አየችው፤ ሁሉም ለጎብኚ የሚባል መሰላት። ነፋሱ ብርድ ልብሱን ነፋው፣ መልሶ ጣለው። አባቷ አላጣደፏትም። እንዳዘነበሉ ተቀምጠዋል።

«ደክሞኛል» አለች።

«እ?»

«ደክሞኛል፣ አባዬ!»

ብርድ ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ ዞራ አየቻት። ኤልዳና ግድ አልሰጣትም።

አቶ ሮቤል ይህን ጊዜ ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከግንዱ ላይ ወደ እሷ ተጠጉ፣ ጆሯቸውንም አፏ አጠገብ አደረሱት።

«እህ» አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?»